የክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ አንዲት ጥያቄ

በዚህ አገር ወረፋ የሚረዝመው ሰው ስለበዛ አይደለም። ከፊታችን ሁልጊዜ አንዲት ጠያቂ ስላለች ነው። ባንክ ብትሄዱ አለች። መታወቂያ ልታሳድሱ ቀበሌ ብትሄዱ ቀድማችሁ ደርሳለች። ሙዝ ልትገዙ ኩልፎ ወንዝ ዳር ብትወርዱ እንኳ ባለሙዙን አቁማ «መቼ ተቆረጠ? ማን ቆረጠው? በምን አበሰላችሁት?» እያለች ታገኟታላችሁ። እኛ ሌሎቻችን ግን የሰጡንን ተቀብለን፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን፣ ምን እንደተቀበልን ሳናውቅ ወደ ቤታችን የምንገባ ጨዋ ሰዎች ነን።

የእኛ ሰፈር ጠያቂ ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ ናቸው። ቤታቸው አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር፣ ከእኔ ቤት በአንድ የማንጎ ዛፍ ተለይቶ ነው። ግንዱ በእሳቸው ግቢ፣ ጥላው በእኔ ግቢ ያርፋል፤ ጥያቄያቸውም እንደ ጥላው አጥር አያውቅም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳኛው ሲጠይቅ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሲጠይቅ፣ ጠበቃው ሲጠይቅ ሰምተው፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን የመጠየቅ ተራ ሳይደርሳቸው ወጡ። ያ ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ የተጠራቀመ ጥያቄ አሁን የሚወርደው በእኛ ላይ ነው ብዬ አምን ነበር።

ንግግራቸውን የሚጀምሩት ሁልጊዜ «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ብለው ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ቆጥሬያለሁ። አንዲት ብቻ ጠይቀው ያቆሙበት ቀን የለም። ትንሹ ሰባት ነው።

በእጃቸው የወደቅኩት አምና ነው። አንድ ማለዳ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ የያዘኝ ነገር ሆስፒታል አስገባኝ። ሐኪሙ የልቤ ደም ሥር መጥበቡን ነገረኝ፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ትንሿን አስፕሪን አዘዘልኝ። በቀን አንድ፣ በየቀኑ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። «ይህን ለሁሉም ሰው አንሰጥም። ለእርስዎ ግን ያስፈልግዎታል፤ ሳይጠይቁኝ እንዳያቆሙ» አለኝ። እሺ አልኩ። ሌላ አንድም ነገር አልጠየቅኩትም። ከኋላዬ ብዙ ሰው ነበረ፣ እሱም የደከመው ይመስላል፤ ደግሞም የተማረ ሰው ፊት ጥያቄ ማብዛት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።

ማዘዣዬን ይዤ ከታች ሲቀላ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ወዳለው የናዕማ ፋርማሲ ወረድኩ። ናዕማ ያስተማርኳት ልጅ ናት። መድኃኒቱን አውጥታ ሰጠችኝ፣ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ልወጣ ዘወር አልኩ። ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ ከኋላዬ ቆመዋል።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ» አሏት ናዕማን፣ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርተው። «ይሄ የሰጠሽው ለራስ ምታት ነው ወይስ ለልብ?»

«ለልብ ነው፣ እማማ።»

«ሚሊግራሙ ስንት ነው?»

«ሰማንያ አንድ።»

«ያ ትልቁ ሦስት መቶው አይደለም?»

«አይደለም። ይሄኛው ለዘወትር የሚወሰደው ነው።»

«ሽፋን አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው አይታኘክም፣ አይፈጭም፣ አይገመስም በይው። አንቺ ንገሪው፣ እኔን አይሰማኝም።»

ናዕማ ነገረችኝ። እኔ እዚያው በመካከላቸው ቆሜያለሁ፤ ስለ እኔ ግን እንደሌለ ሰው ይነጋገራሉ። ቀጠሉ። ከምግብ በፊት ነው በኋላ? አንድ ቀን ቢረሳ በማግስቱ ሁለት ይውሰድ? አይወስድም አለች ናዕማ፤ የረሳትን ትቶ በሰዓቱ የደረሰችውን ብቻ ይዋጥ። ጉልበቱን ሲያመው የሚውጠው ማስታገሻ ቢኖርስ? እሱን ሐኪሙን ሳያማክር ከዚህ ጋር እንዳይደርብ፣ ጨጓራውን ያደማዋል። ቢደማ በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ናዕማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰችላቸው፤ እሳቸው ግን ዝቅ ማድረግ አያውቁምና መልሱን ለወረፋው ሁሉ ደገሙት። ከኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ገብቶ ነበር፤ ወጥቶ አጥፍቶ ተመለሰ። ናዕማ ደግሞ ትቆጣልኛለች ስል ወንበር አቀረበችላቸው።

ከዚያች ቀን በኋላ ነፃነቴ አለቀ። በየማለዳው የፊት በሬን ስከፍት በማንጎው በኩል በጋሞኛ ሰላም የሚለኝ ድምፅ ይመጣል። «ሳሮ፣ አሮን። በልተሃል?» ሁልጊዜ የምትቀድመው ይቺ ናት። ከበላሁ «ምን በላህ?» ይመጣል፤ ቀጥሎ «ክኒንህንስ?»፣ ቀጥሎ «በምን አወራረድካት?» እያለ ይሄዳል። ካልበላሁ ግን ቆመው ይጠብቁኛል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች መሐንዲስ ሆነው መንገድ ሠርተዋል። እኔ ግን አጥር ሥር ቆሜ ሁለት ሙዝና አንድ ቁራሽ ዳቦ መብላቴን አስረዳለሁ።

መድኃኒቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጥ ነበር፣ እንዳልረሳው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የለም። ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ከአልጋው ሥር፣ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ገጾች መካከል ፈለግኩ። ባለቤቴን አገኘሽን ብጠይቃት «እትዬ ዘሪቱ መጥተው መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስገቡት» አለችኝ፣ ፍፁም ትክክል የሆነ ነገር እንደምትናገር ሁሉ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መድኃኒቴ! እየተንጨረጨርኩ ሄጄ ለምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። ወደ ጓዳ ገብተው አንዲት ቡናማ ብልቃጥ ይዘው ወጡና ክዳኗን ከፍተው አፍንጫዬ ሥር አደረጓት።

«አሽትት።»

አሸተትኩ። ኮምጣጤ ነው የሚለው።

«አስፕሪን ነው። የአርባ ምንጭ ፀሐይና እርጥበት ሲጫወትበት እንዲህ ይሆናል። ያንተም እንዲህ የሸተተህ ቀን አትዋጠው፣ ለናዕማ መልስላት።»

«ታዲያ የተበላሸ መድኃኒት ለምን ያስቀምጣሉ?» አልኳቸው። ብልቃጧ እኮ እስከ አንገቷ ሙሉ ናት። ክዳኗን ገጥመው ወደ ጓዳ መለሷት። ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ በሕይወት ዘመናቸው ሳይመልሱ ያለፏት ጥያቄ እሷ ብቻ መሰለችኝ፤ ሰው መጠየቅ እንጂ በሰው መጠየቅን አይወዱም ብዬ በሆዴ አማኋቸው።

የጥርሱንስ ምን ልበል። አንድ መንጋጋዬ ታምሞ ሊነቀል ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድሜያለሁ። አፌ ተከፍቷል፣ መብራቱ ዓይኔ ላይ ነው፣ ሰውየው መንቀያውን አንሥቷል። በሩ ተከፈተ። ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ ከአገኘሽ ሰምተው ከሴቻ ድረስ በባጃጅ መጥተዋል። «አንዲት ጥያቄ ብቻ» አሉት ሐኪሙን። «ይሄ ሰው አስፕሪን እንደሚወስድ ነግሮሃል?» አልነገርኩትም ነበር፤ ጥርስና ልብ ምን አገናኘው ብዬ። ሐኪሙ መንቀያውን አስቀመጠ፣ ስለ ደም መፍሰስ አንድ ሁለት ጠየቀኝ፣ የልብ ሐኪሜ ጋ ደወለ፣ ተነጋገሩ፣ ከዚያ በጥንቃቄ ነቀለው፣ ጥጡንም አስነክሶ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጠኝ። ሁሉም በደህና አለቀ። እኔን ያንጨረጨረኝ ግን አፌን በልቅጬ መልስ መስጠት በማልችልበት ሰዓት መጠየቄ ነው።

ይህን ሁሉ ታግሻለሁ። ያልታገስኩት የእሑዱን ነው።

እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ በር ላይ ቆመን ሰላምታ እንሰጣለን። ፓስተሩ በቀኜ፣ ሽማግሌው ዘመድኩን በግራዬ፣ ከፊቴ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ያስተማርኳቸው ልጆች፣ ከእነሱ ኋላ የመዘምራን ወጣቶች። ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ በሰልፉ ተራቸውን ጠብቀው መጡ። እጄን ያዙ።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ፣ አሮን። ሰገራህ እንዴት ነው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልተከፈተችም።

«ጠቁሮ ያውቃል?» ቀጠሉ፣ ዝም ስላቸው ያልሰማሁ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንደ ሬንጅ?»

ከመዘምራኑ አንዷ መዝሙር መጽሐፏን ፊቷ ላይ አደረገች። ፓስተሩ ሰማይ ሰማዩን አየ። ዘመድኩን፣ ወንድሜ የምለው ሰው፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ እጄን ከእጃቸው አስለቅቄ ሳልሰናበት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ሴትዮዋ መድኃኒት ፍለጋ ገብተው ክብሬን ይዘው ወጡ አልኳት ለአገኘሽ። «ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?» አለችኝ እሷ። ከእሷም ጋር ሁለት ቀን አልተነጋገርንም።

ከዚያ ወዲያ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። በማንጎው በኩል «ሳሮ፣ አሮን» የሚል ድምፅ ሲመጣ ሬድዮ ከፍ አደርጋለሁ። በልቼ እንደሆን የሚጠይቀኝ ጠፋ። እንዴት ያለ ዕረፍት መሰላችሁ።

የጾም ጸሎት ሳምንት የገባው በዚህ መካከል ነው። እንደ ሽማግሌነቴ ማለዳ ቀድሜ እገኛለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እጾማለሁ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ በጉልበታችን ነው የምንጸልየው። በሁለተኛው ቀን ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆነ። ዘመድኩን ሳነክስ አይቶ ከኪሱ ማስታገሻ አወጣ። ዲክሎፌናክ ነው፣ ለእሱ ወገብ የታዘዘ። «በጠዋት አንድ በማታ አንድ ያዝበት፣ እኔን አስነሥቶኛል» አለኝ። በእኛ ዘንድ ወንድም ከኪሱ አውጥቶ የሰጠህን እምቢ ማለት ወንድምየውን እምቢ ማለት ነው፤ በተለይ በጸሎት ቤት፣ በተለይ ተንበርክከህ። ተቀበልኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። አስፕሪኔንም አላቋረጥኩም፤ መድኃኒት ጾም አይፈታም ብዬ በየማለዳው በባዶ ሆዴ በአንድ ጉንጭ ውኃ እልካት ነበር። ማታ ማታ አገኘሽ ሀለኮ በምንለው የሽፈራው ቅጠል የሠራችውን የበቆሎ ድቡልቡል፣ ኩርኩፋ፣ እበላለሁ፣ የዘመድኩንን የማታ ክኒን እውጣለሁ፣ እተኛለሁ።

በአራተኛው ቀን የእሑዱ ጥያቄ መልስ ተለወጠ።

አየሁት፣ ደነገጥኩ፣ ወዲያው ምክንያት ፈለግኩለት። ሀለኮ ነው አልኩ። ስንት ቀን ሙሉ ቅጠል በልቼ ምን ሊሆን ኖሯል? የሒሳብ አስተማሪ ማስረጃ ከፈለገ የሚፈልገውን ማስረጃ አያጣም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራኝ የእሳቸው ትክክል መሆን ነበር። ለአገኘሽ አልነገርኳትም። ራሴን ሲያዞረኝ ጾሙ ነው አልኩ። ልቤ ያለ ምክንያት ድው ድው ሲል መንፈስ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ከጸሎት ስመለስ የሰፈራችንን ዳገት ግማሽ ያህል ወጥቼ እግሬ እምቢ አለኝ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያ የዓባያ ሐይቅ እንደ ሁልጊዜው ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ሐይቁ ወደ እኔ የሚመጣ መሰለኝ። ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ። ቀና ስል ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ ዘምቢላቸውን ይዘው ከፊቴ ቆመዋል።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ» አሉ።

«ዛሬ አይሆንም፣ እትዬ ዘሪቱ።»

«ጠቁሯል?»

«ሀለኮ ነው።»

«ሀለኮ አረንጓዴ ነው» አሉ።

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ባለች አጭር ማስረጃ ተረትቼ አላውቅም። ዘምቢላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ሌላ ምን ወሰድክ?»

«ለጉልበቴ ነው።»

«ማን ሰጠህ?»

«ዘመድኩን።»

«በባዶ ሆድህ?»

መልሴን አልጠበቁም። አስፋልቱ መሐል ገብተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ የመጀመሪያው ባጃጅ ሰው ይዞ ነበር፣ ሰውየውን አስወረዱት። ዘምቢላቸው እዚያው ዳገቱ ላይ ቀረ። በማግስቱ ሰው ሲያመጣላቸው ቲማቲሙ ጎድሎ ነበር አሉ፤ እስከ ዛሬ ማን እንደወሰደው እየጠየቁ ነው።

ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለኝ። አሁን የምነግራችሁን ስሙና ፍረዱኝ። ጠቁሯል? አለኝ። እንደ ሬንጅ ነው? አስፕሪን ይወስዳሉ? ስንት ሚሊግራም? ከምግብ ጋር ነው? ሌላ ማስታገሻ ደርበዋል? ማን ሰጠዎት? ያንኑ ጥያቄ! ስምንት ዓመት ተምሮ የመጣ ሰው ያንኑ የማንጎ ሥር ጥያቄ! ዓይኔን ወደ ጥግ ስወረውር ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ተማሪ መዝሙር ሲለማመድ እንደሚያደርገው፣ ከሐኪሙ ጋር ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ለእሱ ሁሉንም መለስኩለት።

ጨጓራዬ ቆስሎ ሲደማ ሰንብቷል። ሁለት ከረጢት ደም ሰጡኝ፣ በጉሮሮዬ ካሜራ አስገብተው ቁስሉን አዩ፣ የሚደማውን አቆሙ። «እንቅልፍ ይሻለኛል ብለው ቤትዎ ተኝተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንነጋገርም ነበር» አለኝ ወጣቱ። አገኘሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ዘመድኩን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ መግባት አፍሮ፤ ጥሪው አልኳትና ተላቀስን። አስፕሪኑን ለጥቂት ቀን አስቆሙኝና ሐሙስ የልብ ሐኪሜ ጋ ቀጠሩኝ፤ ከጨጓራ መጠበቂያ ጋር እንደገና ሊያስጀምሩኝ።

እንደገና? ቤቴ ገብቼ ስጋደም ቁጣዬ ሁሉ ወደዚያች ትንሽ ክኒን ዞረ። ልቤን ትጠብቅ ብዬ ያስገባኋት ሆዴን ልትጨርስ! ጠያቂም መጣ፣ ምክርም መጣ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል አለ፣ ሌላዋ ዝንጅብል፣ ከምዕራብ ዓባያ የመጣ የአገኘሽ አጎት «ደህና ሆነህ ሳለ ምን ያስውጥሃል?» አለ። እኔም ወሰንኩ። ሐሙስ አልሄድም፣ አልውጥም፣ አለቀ። ለአገኘሽ ስነግራት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። የት እንደሄደች መገመት ነበረብኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ መጡ። ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። ራሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ፤ ለሰባቱም መልስ ነበረኝ። አልጠየቁም። ከዚያ ከነጠላቸው ውስጥ ያቺን ቡናማ ብልቃጥ አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«የኦይታ ናት» አሉ።

ኦይታ ባለቤታቸው ነበሩ። እኔ የማውቃቸው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለች ፎቶ ነው፤ እኛ ወደዚህ ሰፈር ሳንገባ ነው ያረፉት።

«ልቡን ታሞ ነበር፣ እንዳንተው። ይቺን ሰጡት። ስምንት ወር ዋጠ፣ በረታ። ኩልፎ ወርዶ ሙዙን ራሱ ይቆርጥ ጀመር። በኋላ አዲስ ብልቃጥ አመጣን፣ መስኮት ላይ አስቀመጣት። በሳምንቱ አየኋት፣ ሙሉ ናት። በወሩ አየኋት፣ ሙሉ ናት። እየወለወልኩ ነው የማያት፣ አቧራ ይዛ ነበር።»

ክዳኗን በአውራ ጣታቸው እያሹ ቆዩ።

«ደህና ነኝ ብሎ አቁሟል። አንዲት ጥያቄ ነበረች፣ አሮን። ለምን አቆምክ? ሌላ የለም። ባል አይጠየቅም ብዬ ተውኩ። ሐኪሙ አቁም ብሎት ይሆናል ብዬ ተውኩ። ቀን ቀን ፍርድ ቤት የሰው ጥያቄና መልስ በመዝገብ አስራለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ መስኮቱን እወለውላለሁ። ሙዝ እርሻው ውስጥ ወድቆ አገኙት።»

«ክኒኗ ታድነው ነበር?» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«አላውቅም። ሐኪሙንም ጠይቄዋለሁ፣ እሱም አላወቀም። ጠይቄው ቢሆን ግን ሄዶ ይጠይቅ ነበር። ይሄን አውቃለሁ።»

ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ነገ ሐሙስ ነው» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። ብልቃጧን ይዘው ወጡ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከፍርድ ቤት የመጣባቸው አመል እየመሰለኝ የሳቅኩባቸውን እያሰብኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አፈርኩ። አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

ሐሙስ ሄድኩ። ሐኪሙ ትንሿን አስፕሪን ከጨጓራ መጠበቂያ ጋር አስጀመረኝ። የዘመድኩንን መድኃኒት ለዘመድኩን እንድተው ነገረኝ፤ ለጉልበቴ ምን መውሰድ እንደምችል፣ ምን ካየሁ በሩጫ እንደምመለስ፣ በጾም ቀን በስንት ሰዓትና ከምን ጋር እንደምውጥ አስረዳኝ። ያስረዳኝ ስለጠየቅኩት ነው። ዘጠኝ ጠየቅኩት። ከውጭ ወረፋው ሲያጉረመርም ይሰማኛል፤ ያጉረምርም። ከዚያ ሲቀላ ወርጄ ናዕማን ሌላ ስድስት ጠየቅኳት። አንድ ከኋላዬ የቆመ ሰው «እኚህ ሰውዬ ምን ሆነዋል?» ሲል ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ናዕማ ወንበር አቀረበችልኝ።

እስከዚህ ደህና ነው። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ዓርብ ጠዋት የፊት በሬን ከፍቼ ቆምኩ። ከማንጎው በኩል ድምፅ የለም። ቅዳሜም የለም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ፓስተሩም ዘመድኩንም መዘምራኑም ባሉበት፣ ሆን ብዬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ፤ እጄን ጨብጠው «ሳሮ» ብለውኝ አለፉ። ለዘመድኩን ሁለት ጥያቄ ጠየቁት፣ በጆሮዬ! ሰኞ ሳያስለኝ ሳልኩ፣ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት፣ ማንጎ ወድቆ እንደሆነ የማይ መስዬ አጥሩ ሥር ተመላለስኩ። ምንም። አራት ቀን ሙሉ በልቼ እንደሆን የሚጠይቀኝ ጠፋ። እኔ ሰው አይደለሁም? ደሜ ፈስሶ ያመለጥኩ ሰው አይደለሁም?

ማክሰኞ ማለዳ አላስቻለኝም። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ከፍተው ወጡ፣ እጃቸው ሊጥ ነክቷል።

«እትዬ ዘሪቱ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ምን ሆንክ?»

«አይጠይቁኝም። አራት ቀንዎ ነው።»

«ናዕማ ነገረችኝ» አሉ። «የፋርማሲውን ወረፋ ያስቆምከው አንተ ነህ አሉ። ተምረሃል። ከእንግዲህ ራስህን ትጠይቃለህ።»

«ሰው ራሱን አይጠይቅም» አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ጎረቤት እንደሰማኝ አውቃለሁ፣ ይስማ። «ሀለኮ ነው ብዬ የዋሸሁት ለማን ነው? ለራሴ እኮ ነው። ራሴን ብጠይቅ እዋሸዋለሁ። ለእርስዎ ነው መዋሸት ያቃተኝ።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ቀና ብለው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ መስኮቱ ላይ ያቺን ብልቃጥ ያዩበት የነበረው ዓይን ይህ ይሆናል።

«እሺ» አሉ። «አንዲት ጥያቄ ብቻ። በልተሃል?»

አልበላሁም ነበር።